አዲስ አገር፣ አዲስ ገበያ፦ ገና ለገቡ ሰዎች ስለ ምግብ ገበያና ስለ ልዩ ሱቆች

ኑሯችሁን ወደ ሌላ አገር አዛውራችሁ ገበያው ግራ ከገባችሁ፣ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ እያልኩ መልሻለሁ።

ከየት ልጀምር? ከሱፐርማርኬት ወይስ ከገበያ?

ለመጀመሪያው ሳምንት ሱፐርማርኬት ይበቃል። ዋጋው ተለጥፏል፣ ካርድ ይሠራል፣ ማንም ምንም አይጠይቃችሁም። ግን እዚያው አትቅሩ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳይለዋወጡ መገብየት ይቻላል። ለባይተዋር ሰው ከዚህ የከፋ ነገር የለም ባይ ነኝ። ገበያ ላይ ሻጩ ያያችኋል፣ ይጠይቃችኋል፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ይለያችኋል። በአዲስ አገር መጀመሪያ ስሜን የጠራኝ ሰው አትክልት ሻጭ ነው።

ሱፐርማርኬቱን ለዋጋ ማመሳከሪያ ተጠቀሙበት። አዘውትራችሁ የምትገዟቸውን ዐሥር ነገሮች ዋጋ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያ ገበያ ስትወጡ ርካሹና ውዱ ይገባችኋል። የመጀመሪያውን ቀን ምንም ለመግዛት ሳታስቡ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ዙሩት። ሰልፉ የት ነው? ዘንቢል የያዙ እናቶች የትኛው ሻጭ ጋ ይቆማሉ? ባዶ የሆነው የማን መደብ ነው? ይህን ያየ ሰው ግማሹን አውቆታል።

ካርታ ላይ የሚወጣልኝ የቱሪስት ገበያ ብቻ ነው። የሰፈሩን ሰው ገበያ እንዴት ላግኝ?

ጎረቤት ጠይቁ። "ገበያ የት አለ?" ካላችሁ ታዋቂውን ይነግሯችኋል። "እርስዎ አትክልት የሚገዙት የት ነው?" ብትሏቸው ግን እውነተኛውን ያሳዩአችኋል። በሳምንት አንድ ቀን መንገድ ዳር ተዘርግቶ ከሰዓት በኋላ የሚነሳ ገበያ ብዙ ጊዜ ካርታ ላይ አይገኝም።

ታዋቂዎቹ ገበያዎች መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። ግን ጎብኚ ሲበዛ ሸማቹ ይሸሻል። የባርሴሎናው ላ ቦኬሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ15 ሰው በላይ የሆኑ የጎብኚ ቡድኖች አርብና ቅዳሜ ጠዋት እንዳይገቡ እስከ መከልከል ደርሷል፤ የሰፈሩ ሰው ተጋፍቶ መግዛት አቅቶት ነበር። ከዘንቢል ይልቅ ካሜራ የበዛበት ቦታ ከሆነ አይታችሁ ውጡና የሳምንት አስቤዛችሁን ሌላ ቦታ ሸምቱ።

ስንት ሰዓት ልሂድ?

ለምርጫ ጠዋት፣ ለዋጋ መዝጊያው ላይ። ዓሣና ቅጠላ ቅጠል ከሆነ ጠዋት ብቻ። ለመጠየቅና ለመተዋወቅ ደግሞ በመሀል፣ ሻጩ እጁን አጣጥፎ በተቀመጠበት ሰዓት ሂዱ። ሰልፍ በበዛበት ጊዜ "ይህ ምንድን ነው? እንዴት ይሠራል?" ብሎ መቆም ሻጩንም ከኋላ ያለውንም ያስመርራል።

ቋንቋውን ገና አልችልም። እንዴት ልገበያይ?

ጥቂት ነገር ያዙ፦ ሰላምታ፣ "ይህ ምንድን ነው?"፣ "ስንት ነው?"፣ "ትንሽ ብቻ"፣ "አመሰግናለሁ"። በተጨማሪ ቁጥሮችን አጥኑ፤ ከመናገሩ ይልቅ ሲነገር መስማቱ ነው የሚከብደው። ዋጋው ካልገባችሁ ስልካችሁ ላይ ያለውን ካልኩሌተር ዘርጉለት፤ እሱ ይጽፈዋል። ሰላምታውን ግን አትዝለሉ። በተሰባበረ ቋንቋም ቢሆን ሰላም ብሎ የገባና በቀጥታ በጣቱ የጠቆመ ሰው እኩል አይስተናገድም።

በካሜራ የሚተረጉሙት መተግበሪያዎች የታተመ ጽሑፍ ላይ ጥሩ ናቸው። በጠመኔ በተጻፈ የዋጋ ሰሌዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታሉ። እኔ በመጀመሪያው ወር ዱቄት መስሎኝ የድንች ስታርች ገዝቼ ነበር። ነጭ ነው፣ ደቃቅ ነው፣ ከረጢቱም ያው ነው። ሊጡ አልያዝ ብሎኝ ግማሽ ቀን ደከምኩ። ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን ነገር ከመግዛቴ በፊት የምሠራውን ምግብ ፎቶ ለሻጩ አሳያለሁ። "ለዚህ ይሆናል?" የሚለው ጥያቄ ቋንቋ ብዙ አይፈልግም።

ፍራፍሬውን እየነካሁ መምረጥ እችላለሁ?

ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዳንድ ጊዜ አንድ ገበያ ውስጥ እንኳ ከሻጭ ሻጭ ይለያያል። ቆም ብላችሁ ከፊታችሁ ያለውን ሰው እዩ። የወረቀት ከረጢት ተሰቅሎ ሰው ራሱ እየሞላ ከሆነ ንኩ። ሻጩ ራሱ እያነሳ የሚሰጥ ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ።

መንካት በማይፈቀድበት ቦታ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። መቼ እንደምትበሉት ንገሩት። "ሁለት ለዛሬ፣ ሁለት ለሐሙስ" ስትሉት የበሰለውንና ገና ያልደረሰውን ለይቶ ይሰጣችኋል። ሥራውን የሚወድ ሻጭ ይህን ጥያቄ ይወደዋል።

ራስ አገዝ በሆኑ መደብሮች ደግሞ መዝናችሁ ተለጣፊ ካላወጣችሁ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ደርሳችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ሚዛኑ ቁጥር ከጠየቃችሁ ፍሬው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ተመልከቱ። ባለ አራት አኃዙ ቁጥር በብዙ አገሮች ተመሳሳይ ነው፤ የተለመደው ቢጫ ሙዝ 4011 ነው። ከፊቱ 9 ከተጨመረበት፣ ማለትም 94011 ከሆነ፣ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ተባይ ማጥፊያን በአብዛኛው በሚከለክለው የኦርጋኒክ ደንብ የተመረተ ነው ማለት ነው።

ፓውንድ፣ አውንስ፣ ፓይንት… መለኪያው ተምታታብኝ።

አንድ ፓውንድ ወደ 454 ግራም ነው፤ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ያንሳል። አንድ አውንስ ወደ 28 ግራም ነው። የፈሳሹ መለኪያ ነው አሳሳቹ። የአሜሪካ ፓይንት 473 ሚሊ ሊትር ሲሆን የእንግሊዝ 568 ነው። ስሙ አንድ፣ ልኩ ሁለት። ቻይና ውስጥ "ጂን" ሲሏችሁ ልክ 500 ግራም ማለታቸው ነው፤ ዋጋው የኪሎ መስሏችሁ በርካሽነቱ እንዳትደነቁ።

ብዙ ሰው የሚታለልበት ግን ሌላ ነው። አይብ፣ ቅመምና የደረቀ ፍራፍሬ የሚሸጡ ሱቆች ብዙ ጊዜ የሚለጥፉት የ100 ግራም ዋጋ ነው። በዐሥር አባዙት። ካባዛችሁ በኋላ መግዛት ትፈልጉ እንደሆነ ያኔ ወስኑ።

ዋጋ ብከራከር ነውር ነው?

ዋጋው ተጽፎ ከተለጠፈ አዎ፣ በብዙ ቦታ ደስ አይልም። ካልተለጠፈ ደግሞ ሌላው ሰው ምን እንደሚያደርግ ሰምታችሁ ተከተሉ። በሁለቱም ቦታ የሚሠራው "ሁለት ኪሎ ብወስድስ?" የሚለው ነው። ሻጩን አላዋረዳችሁትም፣ ምክንያት ሰጣችሁት እንጂ። ዋጋ የማይቀንስ ሰው እንኳ ምራቂ መጣል አይከብደውም።

ትኩስ መሆኑን በምን ልወቅ?

ዓሣ ራሱ ይናገራል። ዓይኑ ጎላ ያለና የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ሽታው የውኃ ይሁን እንጂ አፍንጫ የሚሰነፍጥ አይሁን። የተቆራረጠ ከሆነ እነዚህ ምልክቶች ስለሚጠፉ፣ ገና እስክትለምዱ ሙሉውን መርጣችሁ እዚያው አስበልቱት። ብዙ ዓሣ ሻጮች ቅርፊቱን ፍቀው፣ ሆድ ዕቃውን አውጥተው ይሰጣሉ፤ መጠየቅ ብቻ ነው።

ሥጋ ላይ ቀለም ያታልላል። አየር ወጥቶለት የታሸገ የበሬ ሥጋ ጠቆር ብሎ ወይን ጠጅ ይመስላል። ተበላሽቶ አይደለም፤ ኦክስጅን ስላላገኘ ነው። ሲከፈት ቀስ በቀስ ይቀላል። ስለ እንቁላልም ብዙ ሰው ይደነግጣል፦ "እዚህ እኮ ከፍሪጅ ውጪ ነው የሚሸጡት!" አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የሚቀርብ እንቁላል ታጥቦ ስለሚመጣ ተፈጥሯዊ መከላከያ ሽፋኑን ያጣል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣ ግድ ይለዋል። በአብዛኛው አውሮፓ አይታጠብምና ሽፋኑ አብሮት አለ። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ትክክል ናቸው። አንዴ የቀዘቀዘውን እንቁላል ግን መልሳችሁ ውጪ አታስቀምጡት።

መደርደሪያ ላይ ያለ ወተትም እንዲሁ ነው። ወደ 135 ዲግሪ ሴልሺየስ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የተሞቀ ወተት ታሽጎ እስካልተከፈተ ድረስ ለወራት ይቆያል። ከተከፈተ በኋላ ግን እንደማንኛውም ወተት ፍሪጅ ይፈልጋል።

ወደ ቤት የምትወስዱበትን መንገድም አስቡ። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብና ቶሎ የሚበላሽ ነገር ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ እንዳይቆይ ይመክራል። ሥጋና ዓሣ የመጨረሻ ግዢያችሁ ይሁን። ሰፈሩን ለማየት የምትንሸራሸሩ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ተንሸራሸሩ፣ ከዚያ ግዙ።

እሽጉ ላይ ያለው ቀን ምን ማለት ነው?

ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ "እስከዚህ ቀን ጣዕሙ ጥሩ ነው" ይላል፤ ስለ ጥራት ነው፣ ፓስታ ወይም ብስኩት አንድ ሳምንት ቢያልፈው አይጎዳችሁም። ሌላው "ከዚህ ቀን በኋላ አትጠቀሙ" ይላል፤ ይህ ስለ ደኅንነት ነው፣ ሥጋና ዓሣ ላይ ታገኙታላችሁ፣ አትድፈሩት። በአዲሱ ቋንቋ እነዚህን ሁለት ሐረጎች በቃላችሁ ያዙ።

የቀኑ አጻጻፍም ያምታታል። 03/04 አንዱ አገር ሚያዝያ 3፣ ሌላው አገር መጋቢት 4 ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ታይላንድ ተመርቶ የመጣ ዕቃ ላይ 2568 የሚል ዓመት ካያችሁም የኅትመት ስህተት አይደለም። የቡድሃ ዘመን አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በ543 ዓመት ይቀድማል። የዘመን ልዩነት ለእኛ ብርቅ አይደለምና ቶሎ ትለምዱታላችሁ።

አብሮ የሚነሳ ወሬ አለ፤ በባርኮዱ የመጀመሪያ ቁጥሮች ዕቃው የተመረተበት አገር ይታወቃል የሚል። አይታወቅም። ቁጥሮቹ የሚያሳዩት ኩባንያው ባርኮዱን ያስመዘገበበትን አገር ነው። የምርቱን አገር ከፈለጋችሁ ጽሑፉን አንብቡ።

ልዩ ሱቆች ውድ አይደሉም? መቼ ነው የሚያዋጡት?

ሁሉን ነገር ከልዩ ሱቅ ከገዛችሁ አዎ፣ ኪስ ያራቁታሉ። የሚያዋጡት የሰውየው እውቀት የዕቃውን ዋጋ በሚያክልበት ቦታ ነው። ለእኔ ሥጋ ቤት፣ ቅመም ሱቅና አይብ ቤት እንዲህ ናቸው።

ሥጋ አቆራረጥ ከአገር አገር ይለያያል። የለመዳችሁትን ክፍል ስም ብትተረጉሙት እንኳ እዚያ አገር በዚያ መልክ ላይቆረጥ ይችላል። ስለዚህ ስም ትታችሁ ሥራውን ንገሩት፦ "ለረጅም ሰዓት የሚቀቀል"፣ "ቶሎ የሚጠበስ"፣ "ለስድስት ሰው"። ጎበዝ ሥጋ ሻጭ ከውዱ ይልቅ ለሥራው የሚስማማውን ርካሽ ክፍል ያወጣላችኋል። አጥንትም ጠይቁ፤ አንዳንዱ በነጻ ይሰጣል።

ቅመም ሱቅ ውስጥ ያልተፈጨውን ግዙ። ሽታው ቶሎ አይበንም፣ ባዕድ ነገር ለመቀላቀልም አይመችም። 50 ግራም ጀምሩ። አይብ ቤት ደግሞ ቅመሱ፤ ማስቀመስ በብዙዎቹ ዘንድ የተለመደ ነው። ቀምሳችሁ ካልወደዳችሁት "አመሰግናለሁ፣ ሌላ ልሞክር" ማለት ነውር የለውም።

የለመድኩትን ቅመም ወይም ዱቄት ስሙ ተቀይሮብኝ አጣሁት።

በጣም የሚያጋጥም ነገር ነው። አንዳንዴ ስሙ ብቻ ሳይሆን ትርጉሙም ያስታል። ጀርመን ውስጥ "ኩመል" ብላችሁ ብትጠይቁ ካራዌይ ነው የሚሰጧችሁ፤ ከሙን የሚባለው "ክሮይትስኩመል" ነው። ሁለቱ ዘሮች መልካቸው ይመሳሰላል፣ ጣዕማቸው ግን ሌላና ሌላ ነው። በእኛው ቋንቋስ ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ በስም ወንድማማች መስለው የተለያዩ ተክሎች አይደሉም? መፍትሔው የተክሉ ሳይንሳዊ የላቲን ስም ነው። በየትኛውም አገር አንድ ነው፤ ብዙ የቅመም እሽጎች ላይም በትንሽ ፊደል ይጻፋል። ስልካችሁ ላይ ዝርዝር ይዛችሁ ዙሩ። በዚህ ዘዴ ለወራት ያጣሁትን ቅመም ከጎረቤቴ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አግኝቼዋለሁ።

ዱቄት ደግሞ በቁጥር ነው። ጀርመን 405 እና 550፣ ፈረንሳይ ቲ45 እና ቲ55 ይላሉ። ቁጥሩ ዱቄቱ ሲቃጠል የሚተርፈውን የአመድ መጠን ያሳያል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ገለባው በዝቷል፣ ዱቄቱም ጠቆር ብሏል ማለት ነው። ለኬክ ዝቅተኛውን፣ ለዳቦ ከፍ ያለውን ያዙ። ፈጽሞ የጠፋ ነገር ካለ ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች የከፈቷቸውን ሱቆች ሞክሩ። የእናንተ አገር ሱቅ ባይኖርም፣ ያንኑ እህል ወይም ቅመም የሚወድ ሌላ ሕዝብ ሱቅ ይኖራል።

የማልበላው ነገር አለ፣ አለርጂም አለብኝ። በምን ልጠንቀቅ?

በታሸገ ምግብ ላይ ሕጉ ያግዛችኋል። የአውሮፓ ኅብረት 14 የአለርጂ መነሻዎች ጎልተው እንዲጻፉ ያስገድዳል። አሜሪካ 9 አሏት፤ ሰሊጥ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ስለዚህ የሰሊጥ አለርጂ ያለበት ሰው የሚሄድበት አገር ዝርዝር ውስጥ ሰሊጥ መኖሩን አስቀድሞ ይወቅ። ያልታሸገ ነገር ላይ ግን አትመኑ፤ አንድ ማንኪያ ከሣጥን ሣጥን ይዞራል። አለርጂያችሁን በአገሩ ቋንቋ በካርድ አጽፋችሁ ያዙ።

ከእንስሳት ተዋጽኦ ወይም ከተወሰነ ሥጋ የምትታቀቡ ደግሞ የተደበቁትን እወቁ። ጀላቲን ከአሳማ ወይም ከበሬ ቆዳና አጥንት ይሠራል፤ ከረሜላና እርጎ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ አይብ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ሬኔት ነው። ኢ120 የሚባለው ቀይ ቀለም ከነፍሳት ይወጣል፤ ዘይትና ውኃን የሚያዋህደው ኢ471 ከተክልም ከእንስሳም ሊሆን ይችላል። "ቪጋን" (ከእንስሳ የተገኘ ነገር የሌለበት) የሚል ምልክት ለዚህ ይረዳል። ለአለርጂ ግን ዋስትና አይደለም፤ በፋብሪካው ውስጥ የወተት ንክኪ ሊኖር ይችላል።

ሳላውቅ ገዝቼ የሚጎዳኝ ነገር ይኖራል?

ይኖራል፤ ይህን እባካችሁ በጥሞና አንብቡ። ቀይ ቦሎቄ በደንብ ካልበሰለ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ቢያንስ 12 ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውኃውን ድፉ፣ ከዚያ በአዲስ ውኃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል ይፍላ። ቀስ ብሎ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ብቻ አታብስሉት። ካሳቫን በጥሬው አትብሉ። መራራው ዓይነት ሳያናይድ የሚፈጥር ንጥረ ነገር ስላለው ከመላጥ በተጨማሪ መዘፍዘፍና በደንብ መቀቀል አለበት። የትኛው ዓይነት እንደሆነና እንዴት እንደሚዘጋጅ ከሚያውቀው ሰው ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ የዱር እንጉዳይ ነው። "ይሄንን እኮ አገር ቤት እናውቀዋለን" ብሎ ለቅሞ የበላ ስንት ስደተኛ ሞቷል። የሞት ቆብ የሚባለው እንጉዳይ በእስያ ከሚበላ እንጉዳይ ጋር ይመሳሰላል። አውስትራሊያና ካሊፎርኒያ ውስጥ በዚህ የተነሳ ሰው ሞቷል። መቀቀል መርዙን አያጠፋውም። ሕመሙም የሚጀምረው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ መርዙ ጉበት ጋ ደርሷል። እንጉዳይ ከታወቀ ሻጭ ብቻ ግዙ። ሜዳ ላይ ያያችሁትን እዚያው ተዉት።

ከአገሬ ምግብ ይዤ ብገባስ?

አስቀድማችሁ የአገሩን የጉምሩክ ገጽ አንብቡ። የአውሮፓ ኅብረት ከአብዛኞቹ የውጭ አገሮች በተጓዥ ሻንጣ የሚመጣ ሥጋ፣ ወተትና የወተት ተዋጽኦ አያስገባም። አውስትራሊያ ደግሞ ምግብ ሁሉ በቅጹ ላይ እንዲገለጽ ትጠይቃለች፤ የተደበቀ ከተገኘ ቅጣቱ ከባድ ነው። ግለጹ። የተገለጸ ነገር ቢበዛ ይወሰዳል፤ የተደበቀው ግን ቪዛ ጭምር ሊያስነካ ይችላል። የእናት እጅ ያዘጋጀውን ነገር መጣል ልብ እንደሚሰብር አውቃለሁ። ለዚያ ነው ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊት መጠየቅ ያለበት።

ሻጭ ቢያታልለኝስ?

አንድ ጊዜ ከላይ ያማረ፣ ከሥሩ የበሰበሰ እንጆሪ ገዛሁ። ቤት ደርሼ ስከፍተው በጣም ተናደድኩ። በሳምንቱ ፎቶውን ይዤ ተመለስኩና ሳልጮህ አሳየሁት። ሌላ ሣጥን ሰጠኝ። አላየሁትም ነበር አለኝ፤ አመንኩት። ብዙ ጊዜ ቅሬታ በጸጥታ ሲነገር መፍትሔ ያገኛል።

ካልሆነ ደግሞ ገበያው አስተዳዳሪ ካለው ጠይቁ። ትልልቅ ገበያዎች የራሳችሁን ዕቃ የምትመዝኑበት ማረጋገጫ ሚዛን ሊኖራቸው ይችላል። ሲመዘንም ባዶው ሚዛን ዜሮ ላይ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ይህ ጥርጣሬ አይደለም፤ የአገሩም ሰው ያያል።

አንድ ሻጭ ከለመድኩ በኋላ ሌላ ጋ ብገዛ ይከፋዋል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ገበያው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ እኔ ደስ ይለኛል። ሊከፋው ይችላል፣ በተለይ ጎን ለጎን ከሆኑ። የሱን ዕቃ ከሱ ግዙ። እሱ የሌለውን ከሌላ ስትገዙ ደግሞ አትደብቁ፤ ዘንቢሉ ውስጥ ያየዋል። እኔ ቲማቲሙ ያላማረ ዕለት "ዛሬ ቲማቲሙን ከወዲያኛው ወስጃለሁ" እለዋለሁ። እሱም "ልክ ነህ፣ የኔ ዛሬ ደህና አይደለም፤ ቅዳሜ ና" ይለኛል። ቅዳሜ ስሄድ ለይቶ አስቀምጦ ይጠብቀኛል።